ምነው ፈጠነ?

ፍቅርተማርያም ሰውን የምታምነው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያለውን ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ዞር ሲል ኮምፒውተሯን ከፍታ መዝገቡ የሚለውን ታያለች። መዝገቡ ላይ ካለ፣ አለ። ከሌለ ሰውየው ዋሽቷል። ይህ ጠባይ ከማን እንደወጣባት እንጃ። አባቷ ቄስ ወልደአረጋይ አንኮበር ላይ የመጣውን ሁሉ አምነው ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው፤ እናቷም ነፍሷን ይማረውና እንኳን ሰው ዶሮ አትጠረጥርም ነበር። ልጅቷ ግን ደብረ ብርሃን ገብታ ኮምፒውተር ከተማረች ወዲህ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ሃይማኖት ይዛዋለች። ተረቱ ክፉ አይደለም። ስንጥሩን ስትፈልግ የሌላውን ሳህን ብቻ ማማሰሏ ነው የከፋው።

ሥራዋ መዝገብ መጠበቅ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማው ዳር በሸራ የተጠለሉትን አባወራዎች አንድ ድርጅት ይመዘግባል። መዝጋቢዎቹ ስሙን በታብሌት ይሞላሉ፤ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን የሞሉትን ሰብስበው በአንድ ጊዜ ይልካሉ፤ ስሙም ፈረንጅ አገር ባለ የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ክላውድ ይሉታል፣ ደመና ማለት ነው። አንኮበር ተወልዶ ያደገ ሰው ደመና ላይ የተቀመጠ ዕቃ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ማወቅ ነበረበት። የኪራዩን ኮምፒውተር ከዚህ ሆና የምታዘው፣ ቁልፉንም የያዘችው ፍቅርተማርያም ብቻ ነበረች።

በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ ለሚታደሉት የቆርቆሮ ቤቶች የስም ዝርዝር ተለጠፈ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት አልታየች የምትባል የአራት ልጆች እናት ካርዷን ጨብጣ ቢሮ ድረስ መጣች።

«እኔ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ነኝ» አለች፣ ተቀመጪ እስክትባል ሳትጠብቅ። «እዚያ የለጠፋችሁት ላይ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ሌላ ሰው ሆኗል። እኔ የት ገባሁ?»

ፍቅርተማርያም በቁጥሩ ፈለገች። ቁጥሩ በምሥራቁ በር መዝጋቢዋ ወይንሸት የመዘገበቻቸው የአንድ ሽማግሌ ነው። በስሟ ፈለገች፣ በአባቷ ስም ፈለገች፣ በአራቱም ልጆቿ ስም ፈለገች። አልታየች የምትባል ሴት በዚያ መዝገብ ላይ ተወልዳም አታውቅ።

«ካርዱን ማን ጻፈልሽ?»

«ጋሽ ሙሉቀን ነዋ። በምዕራቡ በር ሌላ ማን ይጽፋል?»

«ብር ሰጥተሽዋል?»

አልታየች ቀና ብላ አየቻት። «ቢኖረኝ ለልጆቼ ዳቦ እገዛበት ነበር» አለችና ካርዷን መልሳ ጉያዋ ከተተችው።

እስከ ማታ ድረስ እንደ አልታየች ያሉ ሠላሳ ስምንት አባወራዎች ተገኙ። ሁሉም በምዕራቡ በር፣ ሁሉም ግንቦት 6 ቀን የተመዘገቡ፤ ካርዳቸው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት የተጻፈ። ከአራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሦስት እስከ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ያሉት ቁጥሮቻቸው ደግሞ አንድ ሳይቀር የሌላ ሰው ናቸው።

ያን ጽሕፈት የማያውቅ አልነበረም። ሙሉቀን ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ራሱም ተፈናቃይ የሆነ ሰው ነው። በወጣበት አገር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ስለነበር ፊደሉ እንደ ድጓ የተቀረጸ ነበር። ድርጅቱ ከተፈናቃዮቹ መካከል መዝጋቢ ሲፈልግ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የመረጠው እሱን ነው። የሚነቀፈው በዝግታው ብቻ ነበር። ሌላው ሦስት ሰው በሚመዘግብበት ጊዜ እሱ አንድ ይመዘግባል፤ ጎንበስ ይልና ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ሲያደርግ ይቆያል፤ ከዚያ ነው ወደ ታብሌቱ የሚመለሰው። ፍቅርተማርያም ይህን ዝግታ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈችው ይቅር። ጠዋት ግን ቢሮ ስትገባ ሎጉን ለማንበብ ወስና ነበር። የመረጃ ቋት ሥራ አንድ ደንብ አለው፤ ምንም ነገር ዋናው መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት ሎግ በሚሉት ማስታወሻ ላይ በተራ ይጻፋል። ስም ሲገባ ይጻፋል፣ ስም ሲሰረዝም ይጻፋል። ኮምፒውተሩ በድንገት ቢወድቅ እንኳ ሲነሣ ያንን ማስታወሻ አንብቦ ከቆመበት ይቀጥላል። ስም የሰረዘ ሰው ካለ ዱካው እዚያ ላይ አለ ማለት ነው። የግንቦት 6ን ከጥዋት እስከ ማታ መስመር በመስመር አነበበችው። የተሰረዘ ስም የለም። ከሠላሳ ስምንቱም የገባ ስም የለም። ሠላሳ ስምንቱ ሰዎች ከመዝገቡ አልወጡም፤ መጀመሪያውኑ አልገቡም።

«አልላካቸውም» አለችው ለአቶ ታደለ። አቶ ታደለ የመጠለያ ጣቢያው አስተባባሪ ነው፤ አዲስ አበባ አድጎ በደብረ ብርሃን ብርድ የሚማረር፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው። «ቁጥሩንም ከራሱ አውጥቶ ነው ካርድ ላይ የጻፈው።»

«በቃ ሸጧቸዋል!» አለ አቶ ታደለ። «ሲስተሙ ንጹሕ ነው ካልሽኝ አለቀ። ማክሰኞ የዲሲፕሊን ስብሰባ ይቀመጣል። እስከዚያ አሳማኝ ነገር ካላመጣ ይባረራል፣ ስሙም በር ላይ ይለጠፋል።»

መባረሩስ ይሁን። ስሙ በር ላይ መለጠፉ ግን ሌላ ነው። ሙሉቀን ሲመሽ ወደ ሌላ ሰፈር የሚገባ ሰው አይደለም፤ ከእነዚያው ሠላሳ ስምንት አባወራዎች ጋር በአንድ ረድፍ፣ ሸራ ከሸራ ተጠግቶ የሚኖር ነው። ከቀዬው ሲወጣ ይዞት የወጣው ስሙን ብቻ ነበር፤ ማክሰኞ እሱንም ሊቀሙት ነው። ወሬው ደግሞ ስብሰባውን አልጠበቀም። በማግስቱ የሙሉቀን ሚስት ውሃ ልትቀዳ ስትሰለፍ ከፊቷ ያሉት ሴቶች ጀሪካናቸውን አንሥተው ፈቀቅ አሉባት።

ፍቅርተማርያም ልትጠይቀው ሄደች። እንደ ወትሮው ጋቢውን ተከናንቦ በምዕራቡ በር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ወይንሸት በር ስለሄደ ብቻውን ነበር።

«ጋሽ ሙሉቀን፣ ግንቦት 6 ቀን የላኩትን ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ። ሠላሳ ስምንት አባወራ። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ላክሁ፣ ደርሷል አለ፣ ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩን ከታብሌቱ እያየሁ ካርድ ላይ ጻፍሁ።»

«ታብሌትዎ ላይ ግን የሉም።»

«ደርሷል ካለ በኋላማ ከታብሌቱ ይጠፋል። ታብሌት ይሰረቃል፣ ስም መያዝ የለበትም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺው ነሽ፣ ልጄ።»

እውነቱን ነው፤ እሷ ናት ያስተማረቻቸው። እውነት መናገሩ ግን ይበልጥ አስጠረጠራት። ውሸታም ሰው ውሸቱን በእውነት ነው የሚሸፍነው አለች በልቧ።

«ሠላሳ ስምንት መሆናቸውን በምን አወቁ? ሁለት ሳምንት አልፎታል እኮ።»

የሙሉቀን እጅ ጋቢው ውስጥ ገባ፤ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ዳሰሰ፤ ተመልሶ ወጣ። «አውቃለሁ» አለ ብቻ።

እጁን አይታለች። ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ እስከ ቢሮ ተከተለቻት። ወይንሸትን ብትጠይቃት፣ «ሰማያዊ ደብተር አለው፤ ሰው ሲጠጋው ይደብቃል» አለቻት በሹክሹክታ። በዚያ ጣቢያ መዝጋቢ የተፈናቃይ ስም ከነመጣበት አገር በወረቀት ጽፎ ማስቀረት ፈጽሞ ክልክል ነው። አንዱ ወረቀት ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ተፈናቃዮቹን የሚያሳድድ ዝርዝር ይሆናል፤ የተገኘ ወረቀት ሁሉ ይቃጠላል። ይህንንም ደንብ ያስተማረችው እሷ ናት። ታዲያ ደንቡን እያወቀ የተፈናቃይ ስም በጉያው ይዞ የሚዞር ሰው ለማን ሊሰጠው ነው? ጥያቄው ራሱ ለፍቅርተማርያም መልስ መሰላት።

ዓርብ ከሰዓት አቶ ታደለ በሯን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ሰውዬሽ ፈቃድ ወስዷል፣ ሰምተሻል? መናኸሪያ ላይ የአንኮበር መኪና ሲሳፈር አይተውታል። ጋቢው ሥር የሆነ ነገር ይዟል አሉ። አንኮበር ያንቺ አገር አይደል እንዴ? ምን ሊያደርግ ይሄዳል?»

ምን ሊያደርግ ይሄዳል! ቅዳሜ በጠዋት መናኸሪያ ደረሰች። መኪናው እስኪሞላ ተቁነጠነጠች። መንገዱን ሁሉ ስታሰላ ሄደች፤ ደብተሩን የሚገዛው ሰው ማነው? ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው የሚወርድ መንገድ አለ፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ይኖር ይሆን? አንኮበር ከተማ፣ ጎረቤላ ላይ ከመኪናው ስትወርድ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቶቹን ሸፍኗቸዋል፤ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ወደ አባቷ ቤት በምትወስደው በለመደቻት የጥድ አጥር ሥር ሄደች፤ አረፍ ብላ ሰው እየጠየቀች ልታፈላልገው ነበር ሐሳቧ።

አጥሩን ከፍታ ስትገባ ሙሉቀን አባቷ ደጅ ላይ፣ ከአባቷ ጎን፣ ጋቢውን አውርዶ ተቀምጧል።

የዚያን ጊዜ ፍቅርተማርያም አባቷን ጠረጠረች። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው፣ ግን ጠረጠረቻቸው፤ ለዚህች አንዲት ትንፋሽ ኋላ ብዙ ቀን አፍራለች።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ቆመሽ ቀረሽ?» አሉ ቄስ ወልደአረጋይ። «ሰላምታም የለ?»

«እሳቸው እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንግዳ ነው። እንግዳ ደጄ ላይ ምን ትሠራለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ እኔ እንዲህ አላሳደግሁሽም።» ሽማግሌው ተቆጥተዋል። «ሰውየው የከሰሰውን ሰው ፈርቶ ሽማግሌ ፈለገ። እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ ሽማግሌ ከየት ያምጣ? የከሰሰችኝ ልጅ አባት ቄስ ናቸው ሲባል ሰማ፣ ወደ እኔ መጣ። አማልደኝ እንኳ አላለኝም። አደራ አስቀምጥልኝ ነው ያለኝ።»

ሙሉቀን ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር፤ በዕድሜ ልጁ ለምትሆን ሴት። «ማክሰኞ ይፈትሹኛል» አለ በዝግታው። «ካገኙት ያቃጥሉታል፤ ደንቡ ነው፣ አልቃወምም። ግን እነዚያ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ያሉት እዚያ ብቻ ነው። እኔ ብባረርም እነሱ እንዲኖሩ ብዬ ነው፣ ፍቅርተ። ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥልኝ አልኋቸው።»

«ምኑ ነው የሚቀመጠው?»

ቄስ ወልደአረጋይ ወደ ውስጥ ገብተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። «እኔ አልከፈትሁትም። አደራ አይከፈትም።»

«ይክፈቱት አባ» አለ ሙሉቀን። «እሷው ትክፈተው።»

ሰማያዊ ደብተር ነው፣ የተማሪ ደብተር። በእርሳስ የተጻፈ። በየገጹ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከየት እንደመጣ፤ ከጎኑ ትንሽ ምልክት። ፍቅርተማርያም የመጀመሪያውን ገጽ እያየች፣ «ለምን?» አለች።

«የእኛ ሰበካ መዝገብ ተቃጥሏል» አለ ሙሉቀን። «የሃያ ሦስት ዓመት ክርስትናና ጋብቻ፣ ሁሉንም እኔ ነበርሁ የጻፍሁት። በማግስቱ የእገሌ ልጅ ነኝ ብሎ ማስረዳት የሚችል ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አፌን አላምንም፣ ማሽንም አላምንም። ሰው ስሙን ሲነግረኝ መጀመሪያ በእርሳስ እጽፋለሁ። ታብሌቱ ደርሷል ሲለኝ ምልክት አደርግበታለሁ። ዝግተኛ የምትሉኝ ለዚህ ነው።»

ጋቢው ውስጥ ጎንበስ ማለቱ ለዚህ ነበር። ፍቅርተማርያም ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም፤ ሠላሳ ስምንት ስም ትናንት ማታም ሊጻፍ ይችላል ብላ ግንቦት 6ን ገለጠች። «6፡40 ላክሁ። ደርሷል አለ።» ከሥሩ ሠላሳ ስምንት ስም በተራ ወርዷል፤ አልታየች ከአራት ልጆቿ ጋር አሥራ አምስተኛዋ ናት። ከአራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሦስት ጀምራ ጣቷን እያስኬደች ቆጠረች፤ አሥራ አምስተኛው የአልታየች ካርድ ላይ ባለው ሃያ ሰባት ላይ ይውላል። እርሳሱ በጣት ብዛት ደብዝዟል፤ የትናንት ጽሕፈት አይደለም።

ስልኳን አወጣች። በዚያ ጉም ኔትወርኩ እንደ ሰነፍ አህያ ነው፣ ሁለት ይራመዳል፣ ይቆማል። የግንቦት 6 መልእክቶቿን እስኪያመጣላት ግቢውን ዞረች። አንዱ ከኪራዩ ኮምፒውተር ባለቤቶች የተላከ ነበር፤ የመጣው 6፡43 ላይ ነው። ማሽኑ ባልታሰበ ብልሽት ተቋርጦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ተነሥቷል፣ ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም ይላል። አስታወሰችው። ምሳ እየበላች አንብባው፣ የሚጠበቅብኝ ነገር ከሌለ ብላ አልፋዋለች።

ይህም ቢሆን አልገባትም። ማሽን ይወድቃል፤ ሎግ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ደርሷል ያለው ነገር ሁሉ ሎጉ ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ አሁንም ስንጥሩን ከሙሉቀን ሳህን ልታወጣ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለበጠች፣ ሚያዝያን አለፈች፣ መጋቢት ላይ ደረሰች። በአንዱ ገጽ ሥር ስም ያልሆነ ነገር ተጽፏል።

«መጋቢት 12። ከዛሬ ጀምሮ መልሱ በጣም ፈጠነ። ድሮ ከላክሁ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እስክጨርስ ያስጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ጣቴን ሳላነሣ ደርሷል አለ። ምነው ፈጠነ? ሳይጽፍ ጻፍሁ እንዳይል።»

ከጎኑ ምልክት የለውም። በደብተሩ ውስጥ ምልክት ሳይደረግበት የቀረ መስመር እሱ ብቻ ነበር።

ፍቅርተማርያም አባቷ ደጅ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

መጋቢት 12ን አሳምራ ታውቃታለች። በዚያ ሰሞን የደብረ ብርሃን ንፋስ ሕፃን ያዘሉ ሴቶችን በሰልፍ እየገረፈ ነበር፤ መዝጋቢዎቹ ልከው እስኪመለስላቸው ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ኮምፒውተሩ አዲስ ስም ሲደርሰው መጀመሪያ በጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ውስጥ ይይዘዋል። ከዚያ ነው ሎጉ ወዳለበት፣ ወደማይጠፋው ዲስክ የሚያወርደው። ዲስኩ ደግሞ በክላውድ ላይ ሌላ ቦታ ስለሆነ ማውረዱ ጊዜ ይወስዳል። ደንቡ ዲስክ ላይ ሳይወርድ ደርሷል አትበል ነው። እሷ በዚያች ቀን አንዲት የትእዛዝ መስመር ለወጠች፤ አትጠብቅ፣ እጅህ እንደገባ ደርሷል በል፣ ኋላ ታወርደዋለህ አለችው። በደርሷልና በመውረዱ መካከል ያለችው ክፍተት የዓይን ጥቅሻ ታህላለች፤ በዚያች ጥቅሻ ማሽኑ ካልወደቀ ምንም የሚጠፋ የለም። ማን ይወድቃል ይላል? ሰልፉ በግማሽ አጠረ። አቶ ታደለ በሠራተኛ ፊት አመሰገናት፣ አጨበጨቡላት።

ማሽኑ ግንቦት 6 ቀን በዚያች ጥቅሻ ወደቀ። ሠላሳ ስምንቱ ስም በጊዜያዊው ማስታወሻ ውስጥ እንዳለ ጠፋ። ቁጥር ቆጣሪውም አብሮ ረሳ፤ ሲነሣ እስከ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ተነሣና ያንኑ ቁጥር ለወይንሸት ሰዎች ደግሞ አደለ። ሎጉን ስታነብ ምንም ያላገኘችው ለዚህ ነው፤ ሎጉ ራሱ ያልደረሰውን ነገር እንዴት ይንገራት? መዝገቡ አልዋሸም። ዋሽ ብላ ያዘዘችው እሷ ናት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ ያፈሰሰችው እህል ቢሆን በወደደች። ያፈሰሰችው ሰው ነው፤ የሚለቅመውንም ሰውዬ ሌባ ብላዋለች።

«ጠይቀውኝ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «መጋቢት ላይ። ቢሮ ድረስ መጥተው ምነው ፈጠነ ብለውኝ ነበር።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

«ምን አልኩዎት?»

ሙሉቀን ሊነግራት አልፈለገም። ቄሱ አዩት። «'ጋሽ ሙሉቀን፣ እርስዎ መቼም ፈጣን ነገር አይወዱም' አልሽኝ» አለ በመጨረሻ። «ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ።»

ቄስ ወልደአረጋይ የማሽኑ ነገር አልገባቸውም፤ የልጃቸው ፊት ግን ገብቷቸዋል። «እንግዲህ ማን እንደበደለ ከታወቀ ሽማግሌ አያስፈልግም» አሉ። «የበደለ እዚያው የበደለበት ቦታ ይናገራል። ጎረቤላ ላይ መናዘዝ ለደብረ ብርሃን አይሆንም።»

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ደብረ ብርሃን ተመለሰች፤ መጀመሪያ ያደረገችው ያቺን መስመር ወደ ቀድሞዋ መመለስ ነበር። ሰኞ ለአቶ ታደለ ሁሉንም ነገረችው። ሰማት፣ በሩን ዘጋ።

«ስሚ፣ ይህን ለሰው መናገር ለምን ያስፈልጋል? የኔትወርክ ችግር ነበር እንላለን። እሱም ነጻ ይወጣል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ፣ ድርጅቱም ይተርፋል። ሠላሳ ስምንቱን ዛሬውኑ መዝግቢያቸው።»

ሐሳቡ ፈተናት፤ አልፈተናትም ማለት ውሸት ነው። ሥራዋን ትወዳለች፤ ከሥራዋም በላይ እንከን የለሽ መባሉን ትወዳለች። ግን ሌላውን ስትጠረጥር የኖረች ናትና ሰው እንዴት እንደሚጠረጥር አሳምራ ታውቃለች። ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ ነው፣ ዘይት ሲዘገይ ኔትወርክ ነው፣ ባንክ ሲዘጋ ኔትወርክ ነው፤ ኔትወርክ ነው ሲባል የሚያምን አንድም ሰው የለም። ሙሉቀን በኔትወርክ ነጻ ከወጣ፣ ተመሳጥረው አዳኑት ይባላል እንጂ ንጹሕ ነበር አይባልም። ሚስቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ውሃ ስትቀዳ ሰው ፈቀቅ ይልባታል።

«አይሆንም» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ በምዕራቡ በር ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሊባረር ነው የተባለውን ሰው ለማየት። ሙሉቀን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ፍቅርተማርያም ወንበር ላይ መውጣት አፈረች፤ መሬት ላይ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሠላሳ ስምንታችሁን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ጋሽ ሙሉቀን በሥርዓቱ ልከዋችኋል። እኔ ማሽኑን ለማፍጠን ብዬ፣ ሳይጽፍ ጻፍኩ እንዲል አድርጌው ነበር። እሳቸው ያኔውኑ ጠርጥረው ጠይቀውኛል፤ አልሰማኋቸውም። ሌባ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ሰውየውን በሰው አፍ ስታስበሉት የት ነበራችሁ?» አሉ። አቶ ታደለ ከርቀት ራሱን ያዘ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሙሉቀን ከቄሱ መልሶ የተቀበለውን ደብተር ከጋቢው ውስጥ አወጣ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደብቅ። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠ፣ መጋቢት 12 ላይ ደረሰ፣ ከመስመሩ ጎን ምልክቱን አደረገ።

ከዚያ ምዝገባው እንደ አዲስ ተጀመረ። መጀመሪያ የቀረበችው አልታየች ናት። ታብሌቱን የያዘችው ፍቅርተማርያም ራሷ ነበረች፤ ስሟን ሞላች፣ የልጆቿን ሞላች፣ ላከች። ማሽኑ ይዞ ቆየ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ምነው ቆየ?» አለች አልታየች።

«እየጻፈ ነው» አለች ፍቅርተማርያም። «ይቆይ።»

ደርሷል አለ። አዲሱን ቁጥር ካርድ ላይ ጽፋ ዘረጋችላት። አልታየች አልተቀበለቻትም። በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ሙሉቀን አየች።

«አንተስ ጽፈኸኛል?»

ሙሉቀን እርሳሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ደንቡን ያውቃል፤ ደንቡን ያወጣችው ሴትዮ አጠገቡ ቆማለች። ፍቅርተማርያም ከጠረጴዛው ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

«ቁጭ ይበሉ» አለችው። «ይጻፏት።»